«ቁልፉን ቀይሪው አሉኝ»፦ ተከራይን በሕግ ስለማስለቀቅ

ጥያቄ፦
«የቤቴን ምድር ቤት ለባልና ሚስት አከራይቻለሁ። ውሉ የአንድ ዓመት ነበር፤ ካለቀ ሰባት ወር ሆኖታል። አላደስነውም፣ እኔም ዝም ብዬ ኪራዩን እየተቀበልኩ ቀጠልን። አሁን የአራት ወር ኪራይ አልከፈሉኝም። ባለፈው ወር ለባልየው በስልክ መልእክት ‹እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁ› ብዬ ጻፍኩለት፤ መልስ ሳይሰጠኝ የአንድ ወር ኪራይ ግማሹን በባንክ አስገባልኝ። ወንድሜ ‹ቤቱ ያንቺ ነው፣ ቁልፉን ቀይሪው፣ መብራቱን ቁረጪው፣ በሦስት ቀን ይወጣል› ይለኛል። ልጄም በቅርቡ ስለምታገባ ቤቱን ለእሷ ልሰጣት አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?»
ግራ የገባት አከራይ

ምላሽ፦
እህታችን፣ ወንድምዎ ከመከሩዎት ሁለቱንም አያድርጉ። ይህን የምንለው ለተከራዮችዎ ልናደላ ብለን አይደለም። ዛሬ ገንዘብ የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት፤ ቁልፉ በተቀየረ ማግስት ግን የሚጠየቁት እርስዎ ይሆናሉ።

ቤቱ የእርስዎ መሆኑን ማንም አይክድም። ባለቤትነትና ይዞታ ግን ለየቅል ናቸው። ባከራዩ ቀን ይዞታውን አስረክበዋል፤ ተከራዩ ኪራይ አልከፈለም ማለት ይዞታው በራሱ ጊዜ ተመለሰልዎ ማለት አይደለም። ይዞታን ከሰው እጅ አውጥቶ ለባለቤቱ የሚመልሰው ፍርድ ቤት ወይም ሕግ ሥልጣን የሰጠው አካል ብቻ ነው። ቁልፍ መቀየር፣ መብራትና ውኃ መቁረጥ፣ በር መንቀል፣ ዕቃ አውጥቶ ደጅ ማስቀመጥ፣ ሰው ልኮ ማስፈራራት፣ «ጥገና ነው» እያሉ ጣራ መክፈት ሁሉም በአንድ ዓይን የሚታዩ ናቸው። ተከራዩ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከስዎታል፣ ፍርድ ቤቱም ወደ ቤቱ እንዲመለስ ያዝዛል፣ ለሆቴልና ለተበላሸ ዕቃ ካሳ ይቆረጥብዎታል። አንዳንድ አገር ከዚያም ይብሳል። ለምሳሌ በእንግሊዝ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ተከራይን ከሕገወጥ ማስለቀቅ የሚጠብቀው ሕግ ድርጊቱን ወንጀል ያደርገዋል። የአራት ወር ኪራይ ለማስመለስ የወጡ ሰው ከዚያ በላይ ከፍለው ይመለሳሉ ማለት ነው።

በአከራይነት ክርክር ከሚሸነፉት ብዙዎቹ የሚሸነፉት ተከራዩ እውነት ስለነበረው አይደለም። ማስጠንቀቂያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ስለተሳሳተ፣ ቀኑ ስለጎደለ፣ ወይም ወረቀቱ መድረሱን ማሳየት ስላልቻሉ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንለው በአብዛኛው ስለ ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ውሉን ያውጡና ያንብቡት። ዓመቱ ማለቁ ለእርስዎ ጠንካራ ነጥብ ይመስልዎት ይሆናል፤ አይደለም። ውሉ ካለቀ በኋላ አከራይ ሳይቃወም ኪራይ ከተቀበለ፣ በብዙ አገሮች ሕግ ውሉ ጊዜው ወዳልተወሰነ ወይም ከወር ወደ ወር ወደሚሄድ ውል ይለወጣል፤ ሌሎቹ ግዴታዎች እንዳሉ ይቀጥላሉ። በሰባቱ ወራት ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ «ውሉ አብቅቷል፣ ውጡ» የሚለው ብቻውን አያስኬድም፤ ይህን አዲሱን ግንኙነት ራሱን በማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ሕጉ ራሱ ዝቅተኛ የውል ዘመን የሚደነግግበት አገርም አለ። በኢትዮጵያ በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም በመርህ ከሁለት ዓመት አያንስም። እንዲህ ባለ ቦታ «የተዋዋልነው ለአንድ ዓመት ነው» ማለት ማንንም አያስለቅቅም።

ቀጥሎ ምክንያትዎን ይለዩ። በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ምክንያቶች ተደባልቀዋል፦ ውዝፍ ኪራይና ለልጅዎ ቤት መፈለግ። በሕግ መንገዳቸው የተለያየ ነው። የውዝፍ ኪራይ ማስጠንቀቂያ አጭር ነው፣ ግን ይታከማል፦ ተከራዩ በጊዜ ገደቡ ውስጥ ሙሉውን ከከፈለ ነገሩ ያበቃል። ለራስ ወይም ለቤተሰብ መፈለግ ረጅም ጊዜ ይጠይቃል፣ ሆኖም ተከራዩ በመክፈል አያፈርሰውም። እኛ የምንመክርዎ ሁለቱንም፣ ነገር ግን በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች፣ በአንድ ቀን እንዲሰጡ ነው። ውዝፉ ተከፍሎ የመጀመሪያው ቢወድቅ ሁለተኛው መቁጠሩን አያቆምም። ጀርመን አገር ጠበቆች የሚያደርጉት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ውዝፍ ሲበዛ ውሉን ወዲያው የሚያቋርጥ ማስታወቂያ ይሰጣሉ፤ በተጠባባቂነት ደግሞ በመደበኛው ጊዜ የሚያቋርጥ ሁለተኛ ያክሉበታል። ተከራዩ ክሱ ከደረሰው በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ሙሉ ዕዳውን ከከፈለ የመጀመሪያው በአብዛኛው ይፈርሳል፣ ሁለተኛው ግን ይቆማል።

የልጅዎን ጉዳይ የምንመክረው እውነት ከሆነ ብቻ ነው። «ለልጄ» ተብሎ የተለቀቀ ቤት በማግስቱ በተሻለ ኪራይ ለሌላ ሰው ከተሰጠ የቀድሞው ተከራይ ካሳ ይጠይቃል፣ ብዙውን ጊዜም ያገኛል። በዱባይ እንዲህ በሚለቀቅ መኖሪያ ቤት ላይ አከራዩ ለሁለት ዓመት ለሌላ ሰው እንዳያከራይ ሕጉ ይከለክላል። ሰርጉ ቢፈርስ ወይም ልጅዎ ሌላ ቦታ ለመኖር ብትወስን፣ ተከራዮቹ ከመውጣታቸው በፊት ከሆነ ያሳውቋቸው።

አሁን ወደተላከው መልእክት እንምጣ። ያንን የስልክ መልእክት ማስጠንቀቂያ ነው ብለው አይቁጠሩት። ምክንያት አልያዘም፣ መጠን አልያዘም፣ ከሁለቱ ተከራዮች ለአንዱ ብቻ ነው የተላከው። ብዙ ሕጎችም በእጅ የተፈረመ ጽሑፍ ይጠይቃሉ። በጀርመን ለምሳሌ የመኖሪያ ቤት ውል ማቋረጫ በኢሜይልም በስልክ መልእክትም ቢላክ ዋጋ የለውም። መልእክቱን ግን አያጥፉት፤ ዕዳውን ማስታወስዎን ያሳያል፣ ከዚያ በላይ ግን አይሠራም። ከዜሮ ይጀምራሉ ማለት ነው።

የገባው ግማሽ ክፍያስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ከማስጠንቀቂያ በኋላ ከፊል ገንዘብ ዝም ብሎ መቀበል በአንዳንድ ቦታ ማስጠንቀቂያውን እንደመተው ይቆጠራል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ሐሰት ያደርገዋል። የእርስዎ ማስጠንቀቂያ መጀመሪያም ስላልጸና በዚህ ረገድ የጎዳዎት ነገር የለም። ከአሁን በኋላ ግን ማንኛውም ገንዘብ ሲገባ በዚያው ቀን በጽሑፍ ደረሰኝ ይስጡ፤ እንዲህ ይበል፦ «በዛሬው ቀን የገባው ይህን ያህል ገንዘብ ለዚህ ወር ውዝፍ ኪራይ ከፊል ክፍያ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ አያነሳም፤ አዲስ ውልም አይመሠርትም።» በሚኖሩበት አገር ከፊል ክፍያ መቀበል ማስጠንቀቂያውን ሙሉ በሙሉ የሚያፈርስ ከሆነ ይህ ሐረግ አያድንዎትም፤ ያን ጊዜ የሚሻለው ገንዘቡን በገባበት መንገድ ወዲያው መመለስ ነው። ይህን አንድ ነጥብ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍዎ በፊት የአካባቢዎን የቤት ኪራይ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይጠይቁ።

ሒሳቡን በአንድ ገጽ ላይ ያውርዱት። ወርሃዊ ኪራዩ 100 ነው ብንል፣ የእርስዎ ሒሳብ ይህን ይመስላል፦

1ኛ ወር፦ የሚከፈል 100፣ የተከፈለ 50፣ ቀሪ 50
2ኛ ወር፦ የሚከፈል 100፣ የተከፈለ 0፣ ቀሪ 100
3ኛ ወር፦ የሚከፈል 100፣ የተከፈለ 0፣ ቀሪ 100
4ኛ ወር፦ የሚከፈል 100፣ የተከፈለ 0፣ ቀሪ 100
ጠቅላላ ውዝፍ ኪራይ፦ 350

ግማሹ ክፍያ ወደ ጥንቱ ወር እንደገባ ያስተውሉ። ከፋዩ «ለዚህ ወር ነው» ካላለ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚሸፈነው የቆየው ዕዳ ነው፤ ባንኩ ላይ የጻፈው ማስታወሻ ካለ ግን እሱን ይከተሉ። ሌላው ጥንቃቄ በገጹ ላይ የማይገባውን አለማስገባት ነው። የዘገየ ክፍያ ቅጣት፣ የውኃና የመብራት ሒሳብ፣ የተሰበረ መስታወት ዋጋ ዕዳ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ውሉ ካልሰየማቸው ግን ኪራይ አይደሉም። ለብቻቸው ይጻፉ፣ በክሱም ለብቻቸው ይጠየቁ። በካሊፎርኒያ የመኖሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ከሚገባው በላይ ከጠየቀ ውድቅ ይሆናል፤ አከራዩም ሁሉንም ከመነሻው ይጀምራል። ስለ አንድ ክፍያ ጥርጣሬ ካለዎት ቁጥሩን ወደ ታች ያድርጉት። ትንሽ የሚያንስ ማስጠንቀቂያ ይጸናል፣ ትንሽ የሚበልጥ ላይጸና ይችላል።

የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ አጭር ይሁን። ቁጣ፣ ታሪክና ስድብ አይግቡበት፤ ዳኛ እንደሚያነበው አስበው ይጻፉት። የሚከተለውን እንደ መነሻ ይውሰዱ፦

«ለአቶ … እና ለወ/ሮ …
ጉዳዩ፦ ውዝፍ ኪራይ እንዲከፈል፣ ካልሆነ ቤቱ እንዲለቀቅ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ
በ… ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት በዚህ አድራሻ፣ በዚህ የቤት ቁጥር፣ በምድር ቤቱ ተከራይተው ይኖራሉ። ከዚህ ጋር በተያያዘው ዝርዝር የተመለከተው 350 ውዝፍ ኪራይ እስከ ዛሬ አልተከፈለም። ይህ ማስጠንቀቂያ በደረሳችሁ በ… ቀናት ውስጥ፣ ማለትም እስከ … ቀን መጨረሻ ድረስ፣ ሙሉውን በዚህ የባንክ ሒሳብ እንድትከፍሉ፤ ካልሆነ በዚያው ጊዜ ውስጥ ቤቱን ለቃችሁ ሁሉንም ቁልፎች እንድታስረክቡ እጠይቃለሁ። ሁለቱም ካልተፈጸሙ ቤቱ እንዲለቀቅልኝና ውዝፉ እንዲከፈለኝ ለፍርድ ቤት አመለክታለሁ።
ቀን፣ ስም፣ ፊርማ»

ሁለቱም ስሞች መግባታቸውን ልብ ይበሉ። ውሉ ላይ ሁለት ሰው ከፈረመ ማስጠንቀቂያውም ክሱም ለሁለቱም ነው። ባልየው ላይ ብቻ የተሰጠ ፍርድ ሚስትየውን ላያስወጣ ይችላል፤ በአፈጻጸም ቀን «እኔ አልተከሰስኩም» ስትል ፍርዱን የሚያስፈጽመው ሹም ወረቀቱን አጥፎ ይመለሳል። እርስዎን ወክሎ ሌላ ሰው የሚፈርም ከሆነ የውክልና ሥልጣን ማስረጃውን አብሮ ያያይዝ።

የቀን አቆጣጠሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ክስ ይጥላል። ወረቀቱ የደረሰበት ቀን በተለምዶ አይቆጠርም። የጊዜ ገደቡ 14 ቀን ከሆነና ወረቀቱ በ3ኛው ቀን ከደረሰ፣ መቁጠር የሚጀምረው በ4ኛው ነው፣ የመጨረሻው ቀን 17 ነው፤ 17ኛው የዕረፍት ቀን ከሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል። ክስ መክፈት የሚቻለው ቢፈጥን በ18ኛው ነው። በ17ኛው ከሰዓት በኋላ የተከፈተ ክስ ያለጊዜው የቀረበ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በካሊፎርኒያ ለውዝፍ ኪራይ የሚሰጠው የ3 ቀን ገደብ ቅዳሜን፣ እሑድንና ፍርድ ቤት የሚዘጋባቸውን በዓላት ስለማይቆጥር ሦስቱ ቀን ሳምንት ሊሞላ ይችላል። እኛ ብንሆን ሕጉ ከሚለው ላይ ሦስት ቀን እንጨምራለን። ሦስት ቀን በመታገሥ የሚጠፋው ከአንድ ወር ኪራይ አሥር እጅ አንዱ ነው፤ የተመለሰ ክስ ግን ወራት ይበላል።

ገደቡ ራሱ ስንት ነው? ይህ እንደ አገሩና እንደ ምክንያቱ ይለያያል፣ ልዩነቱም ሰፊ ነው። በኒው ዮርክ የውዝፍ ኪራይ መጠየቂያ 14 ቀን ይሰጣል። በእንግሊዝ ያለ ምክንያት ማስለቀቅ ከሜይ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀረ ሲሆን፣ በከባድ ውዝፍ ለማስለቀቅ የሦስት ወር ኪራይ መከማቸትና የ4 ሳምንት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ ያ ውዝፍ ማስጠንቀቂያው በተሰጠበት ቀን ብቻ ሳይሆን በችሎቱም ቀን መኖር አለበት። ጀርመን ውስጥ አከራይ በመደበኛው መንገድ ውል ሲያቋርጥ ጊዜው 3 ወር ነው፤ ተከራዩ አምስት ዓመት ከኖረ 6 ወር፣ ስምንት ዓመት ከኖረ 9 ወር ይሆናል። በዱባይ ለራስ መኖሪያ ሲፈለግ 12 ወር ነው፣ ያውም በኖተሪ (በሰነድ አረጋጋጭ) ወይም በአደራ ደብዳቤ ካልተላከ አይቆጠርም። የሌላ አገር ቁጥር ከማኅበራዊ ሚዲያ ገልብጠው ወረቀትዎ ላይ እንዳይጽፉ ብለን ነው ይህን ያህል የዘረዘርነው።

ስለ አደራረሱ ትንሽ እንቆይ። ከሁሉ የሚሻለው ሁለት ቅጂ ይዞ ሄዶ አንዱን ሰጥቶ በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብለው በቀንና በፊርማ እንዲያረጋግጡ ማድረግ ነው። አንፈርምም ካሉ አይከራከሩ። ለዚህ ሲሉ ምስክር ይዘው ይሂዱ፤ ወንድምዎ ባይሆን ይመረጣል፣ ከነገሩ ጥቅም የሌለው ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ይሁን። ምስክሩ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ወረቀቱን አንብቦ፣ ሲታሸግ አይቶ፣ ሲሰጥ ወይም ሕጉ ከፈቀደ በበሩ ሥር ሲገባ አይቶ፣ በዚያው ሰዓት በእርስዎ ቅጂ ጀርባ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ስሙን ይጻፍ። ምስክሩ ያየው ፖስታ ብቻ ከሆነ ተከራዩ «ደርሶኛል፣ ውስጡ ግን ባዶ ወረቀት ነበር» ይላል፤ ሲባል ያልተሰማ ነገርም አይደለም። የአደራ ደብዳቤም እንዲሁ ነው፦ ደረሰኙ ፖስታ መላኩን እንጂ ውስጡ ምን እንደነበረ አይመሰክርም፤ ተከራዩም ከፖስታ ቤት ሄዶ ካልወሰደው እንደደረሰ የማይቆጠርበት ቦታ አለ። ለልጆች መስጠት፣ ለጥበቃ መስጠት፣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። ሕግዎ በኖተሪ ወይም በፍርድ ቤት በኩል ይሰጥ ካለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

የጊዜ ገደቡ አልፎ ካልከፈሉም ካልለቀቁም ክስ ይከፈታል። የሚያያይዙት፦ የባለቤትነት ማረጋገጫ፣ ውሉ፣ የባንክ መግለጫ፣ የሒሳቡ ገጽ፣ የማስጠንቀቂያው ቅጂና መድረሱን የሚያሳየው ማስረጃ። በአቤቱታው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ቤቱ እንዲለቀቅ፣ ውዝፉ እንዲከፈል፣ እና ከክሱ ቀን ጀምሮ ቤቱ በተግባር እስኪለቀቅ ድረስ በየወሩ የኪራዩን ያህል እንዲከፈል። ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። ክርክሩ ስድስት ወር ቢፈጅ ያ የስድስት ወር ገንዘብ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ለእሱ ሌላ ክስ ሊያስፈልግ ነው።

ተከራዩ ምን ይመልሳል? በአብዛኛው ከሦስት አንዱን፦ «በእጅ ከፍያለሁ»፣ «ጣራው ያፈሳል፣ ነግሬያት አላሠራችም»፣ ወይም «ስለ ጥገና ስለከሰስኳት ነው የምታስወጣኝ»። ለመጀመሪያው መልሱ የባንክ መግለጫና ቋሚ የደረሰኝ ልማድ ነው፤ እስከ ዛሬ አንዳንዱን ወር በእጅ ያለ ደረሰኝ ተቀብለው ከሆነ በሒሳቡ ላይ በሐቅ ያስገቡት። ለሁለተኛው ደግሞ አሁኑኑ መዘጋጀት ይቻላል። ከተከራዮቹ የመጣ የጥገና ጥያቄ ካለ፣ ውዝፍ አለባቸው ብለው አይተዉት፤ ያሠሩት፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ። ለጥገናም ቢሆን አስቀድመው በጽሑፍ ሳያሳውቁና ሳይፈቀድልዎ አይግቡ። ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ ፍርድ ቤቱ ባልተሠራ ጥገና ምክንያት ኪራዩን ሊቀንስ ይችላል፤ 350 ወደ 200 ከወረደ ምናልባት ለማስለቀቅ ከሚያስፈልገው ገደብ በታች ይሆናል። መያዣ ብለው የተቀበሉት ገንዘብ ካለ ከውዝፉ ላይ አሁን አይቀንሱት። እሱ የሚታሰበው በርክክብ ቀን የቤቱ ሁኔታ ከታየ በኋላ ነው።

በመካከል ተከራዮቹ ልንስማማ ቢሉ እምቢ አይበሉ። ብዙ ጊዜ ከውዝፉ ከፊሉን ትቶ ባዶ ቤት በቶሎ መረከብ ከክርክሩ ይረክሳል፣ በተለይ ከፋዩ ገቢ ከሌለው። ሁለት ነገር ግን አይሳቱ። አንደኛ፣ ስምምነቱ የሚለቁበትን ቀንና ሰዓት፣ የሚመለሱትን ቁልፎች ብዛት፣ የሚተወውን ገንዘብ ይዞ ይጻፍ፤ ክስ ተከፍቶ ከሆነም በፍርድ ቤት ይጽደቅ፣ ቃላቸውን ቢያጥፉ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ለመሄድ። ሁለተኛ፣ ለመዛወሪያ እሰጣለሁ ያሉት ገንዘብ ካለ የሚሰጠው ቤቱ ባዶ ሆኖ ቁልፉ እጅዎ ሲገባ ነው እንጂ ዋዜማውን አይደለም።

ፍርድ አገኙ እንበል። ቁልፉን አሁንም አይነኩም። ፍርዱ የሚለቁበትን ቀን ይወስናል፤ ይግባኝ ወይም የአፈጻጸም እግድ ሊመጣ ይችላል። ቀኑ አልፎ ካልወጡ የአፈጻጸም ማመልከቻ ያስገባሉ፣ የሚያስወጣቸውም የፍርድ አፈጻጸም ሹም ነው። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ለምሳሌ ከሸሪፍ ጽሕፈት ቤት በቀር ማንም ተከራይ ማስወጣት አይችልም፤ ትእዛዙን በእጁ የያዘ አከራይም ቢሆን። ፈረንሳይ ደግሞ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 በብርዱ ወቅት በአብዛኛው ማስወጣት ይቆማል፤ በጥቅምት አጋማሽ ፍርድ የያዘ ሰው እስከ ኤፕሪል ይጠብቃል።

በዚያ ቀን ለሹሙ ቁልፍ ሠሪ፣ ዕቃ የሚያወጡ ሠራተኞችና ማጓጓዣ እንዲያዘጋጁ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ወጪውን መጀመሪያ እርስዎ ይሸፍናሉ፣ በኋላ ከተሸናፊው ይጠይቃሉ። ክፍል በክፍል ፎቶ ያንሱ፣ የቆጣሪውን ንባብ ይጻፉ፣ የቀረውን ዕቃ በዝርዝር ይመዝግቡና ሹሙም ምስክሮቹም ይፈርሙበት። መድኃኒት፣ መታወቂያና ፓስፖርት፣ የልጆች ልብስና የትምህርት ዕቃ ወዲያውኑ ለባለቤቶቹ ይሰጥ። ሌላውን ሕጉ በሚለው ቦታና ለሚለው ጊዜ ያስቀምጡ፤ ሶፋውን ለኪራይ ዕዳ ብለው መያዝ ወይም መሸጥ የተለየ ትእዛዝ ከሌለ አዲስ ክስ መጥራት ነው። በፍርዱና በመውጫው ቀን መካከል ገንዘብ ካስገቡ ደግሞ ደረሰኙ ላይ «ኪራይ» ብለው አይጻፉ፤ «በፍርዱ መሠረት ስለ ቤቱ መጠቀሚያ የተከፈለ» ይበል። «የዚህ ወር ኪራይ ተቀብያለሁ» የሚል አንድ መስመር አዲስ ውል ተመሠረተ የሚል ክርክር ያስነሣል።

መብራቱን በተመለከተ፣ ቆጣሪው በእርስዎ ስም ከሆነና ሒሳቡን እነሱ አንከፍልም ካሉ፣ ይቆረጥ ብለው አይተዉት። ክፍያውን አለማድረስና መስመሩን መቁረጥ በዳኛ ፊት ልዩነታቸው ትንሽ ነው። እየከፈሉ ይቆዩ፣ ደረሰኙን በወር በወሩ በሌላ ገጽ ይመዝግቡ፣ ከኪራዩ ውዝፍ ለይተው በክሱ ያቅርቡት።